የጠመንጃ ማርሚታ

አባባ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም። ቀኙም ቢሆን እያደር እየከዳቸው ነው። ስደውልላቸው ስልኩን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ "ጮክ በል እንጂ ልጄ" ይሉኛል። እኔም ሰሜን ቨርጂኒያ ካለው አፓርታማዬ ሆኜ እጮሃለሁ።

አባባ ሹፌር ነበሩ። የፊያት ኤንትሬ ሹፌር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ፣ ዓባይ በረሃን እየወረዱና እየወጡ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ነዱ። ሞተሩ ጆሯቸውን ሳይጎዳው አልቀረም። እሳቸው ግን ጥፋቱን የሚጥሉት ሞተሩ ላይ ሳይሆን አንድ ምንሽር ላይ ነው። የአጎቴ ሠርግ ላይ ሙሽራው ከቤት ሲወጣ፣ ከጎናቸው የቆመ ሰው ወደ ሰማይ ተኮሰ። አፈሙዙ ከግራ ጆሯቸው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። "ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብታለች" ይላሉ። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል ፌንጣዋ እንቅልፍ ትነሳቸዋለች። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔ ዒላማ መተኮስ የጀመርኩት እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። አደን አልሄድም። ወረቀት ላይ የተሳለ ክብና በሰንሰለት የተንጠለጠለች የብረት ሳህን ይበቁኛል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥራ ሳምንት በኋላ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ አንድ ነጥብ ላይ ማየት ያሳርፈኛል። ብዙ ጓደኞቼ "ምን ዓይነት ጠመንጃ ልግዛ?" ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ስመልስ ከርሜያለሁ፤ አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የእኔ መልስ አንድ ነው፤ ትንሿ 22 (ቁጥሩ የጥይቷ ውፍረት ነው፣ 0.22 ኢንች ገደማ)፣ በእጅ የምትቀባበል፣ አፈሙዟ ላይ ድምፅ መቀነሻ የሚታሰርላት። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም ያለ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። በአማርኛ "ድምፅ ማፈኛ" ሲባል አልወድም። እኛ አገር "ታፈነ" የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ይታፈናል፣ ድምፅ ይታፈናል። አንድ እሑድ ቡና ላይ ለጓደኞቼ "ድምፅ ማፈኛ አዘዝኩ" ብዬ ስናገር ቤቱ ፀጥ አለ። አንደኛው ቀስ ብሎ "ማንን ልትገድል ነው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እሱ የሚያውቀው የፊልሙን ነው፤ ጨለማ ክፍል፣ ጓንት፣ "ፒው" የምትል ድምፅ።

ማታውኑ አባባ ጋ ደወልኩና ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጥይቷን እየገፋ የመጣው የባሩድ ጋዝ አፈሙዙ ላይ ድንገት ሲለቀቅ ነው የሚፈነዳው አልኳቸው። ጫፉ ላይ የብረት ቱቦ ይታሰራል። ቱቦው ውስጥ መሐላቸው የተበሳ ግድግዳዎች ተደርድረዋል። ጥይቷ በቀዳዳው ታልፋለች፣ ጋዙ ግን በየክፍሉ እየተሽከረከረ፣ እየሰፋ፣ እየበረደ ቀስ ብሎ ይወጣል። አባባ አላስጨረሱኝም።

"ማርሚታ ነው በለኛ!" አሉ።

ማርሚታ ነው፤ የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ የሚታሰረው ድምፅ መቀነሻ። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ኤንትሬ ያለ ማርሚታ ዓባይን ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሰው፣ ለጠመንጃ ማርሚታ መታሰሩ ምንም አልገረማቸውም። እንደውም "እስከ ዛሬ የት ነበር?" ነው ያሉት።

የት እንደነበር በኋላ አነበብኩ። ሂራም ማክሲም የሚባለው ሰው በፈረንጆቹ 1884 በራሱ ግፊት እየጎረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ ሠራ። ሲያረጅ ጆሮው ደንቁሮ ነበር፤ ያደነቆረው የራሱ መትረየስ ተኩስ ነው። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1909 የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻን በስሙ አስመዘገበ። ይኸው ልጅ ለሞተር ጭስ ማውጫም ማርሚታ ሠርቷል። አባባ በአንድ ዓረፍተ ነገር የደረሱበት ነገር ነው እንግዲህ። መትረየስ የሠራ አባት ደነቆረ፣ ልጁ ድምፅ መቀነሻ ሠራ። ይህን ባነበብኩበት ማታ ለአባባ ደግሜ ደወልኩ።

ስለ ድምፁ ልክ ትንሽ ቁጥር ልጥቀስ። 140 ዴሲቤል የሚደርስ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ምንሽር ያለ ትልቅ ጠመንጃ ይህንን በሰፊው ያልፈዋል። 22 ደግሞ እዚያው ወሰኑ አካባቢ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 20 ሲቀንስ የድምፁ ግፊት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጥሩ ድምፅ መቀነሻ ያሰረች 22 ደህና ጥይት ከጎረሰች ከ120 በታች ትወርዳለች። በጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ እኔ ማርሚታውንም አስሬ ተኩስ ቦታ የጆሮ መከላከያዬን አላወልቅም። ጎረቤቴ መደብ ላይ ያለው ሰው ማርሚታ የለውማ።

ታዲያ ለምን 22? ርካሽ ናት፣ አትራገጥም፣ ትከሻ አትሰብርም። ከ1887 ጀምሮ ያለች ጥይት ናት፣ ዛሬም ከሁሉም በላይ የምትተኮሰው እሷ ናት። "ሪምፋየር" የሚሏት መቀጣጠያው የቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ስለተቀባ ነው። መርፌው ጠርዟን ሲቆነጥጣት ትተኩሳለች። ቀለሁ ስስ ናስ ነው፣ እርሳሷ 2.6 ግራም ብቻ ናት፣ ባሩዷ እፍኝ አትሞላም። ጋዙ ትንሽ ስለሆነ ማርሚታው ያለችግር ይውጠዋል። ሌሎች ጠመንጃዎች ላይ ድምፅ መቀነሻ ያግዛል። 22 ላይ ግን ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል።

ትንሽ ናት ብሎ የሚንቃት ሰው ግን ተሳስቷል። ወደ ሰማይ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትሄድ ትችላለች። ከዒላማው ጀርባ አፈር ከሌለ አልተኩስም።

በእጅ የምትቀባበለውን የመረጥኩት ሌላውን ሞክሬ ነው። የመጀመሪያ ጠመንጃዬ ራሷ የምታቀባብል ነበረች። ጓደኛዬ የእሱን ድምፅ መቀነሻ አብረን ሆነን አሰረልኝና ሞከርናት። የፍንዳታው ድምፅ ጠፋ፣ ግን የብረቱ ካካታ ቀረ። እያንዳንዷ ተኩስ ላይ ቀለህ ለማውጣት የሚንቀሳቀሰው ብረት ጉንጬ ሥር "ቀጭ" ይላል። የባሰው ደግሞ ማርሚታው ያገደው ጋዝ ወደ ኋላ ተመልሶ በቀለህ ማውጫው በኩል ይወጣል። ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ምላሴ ላይ የባሩድ ጣዕም ቀረ። በእጅ የሚቀባበለው ግን እስክከፍተው ድረስ ዝግ ነው። ጋዙ ወደፊት ብቻ ነው መንገድ ያለው። ስተኩስ የምሰማው የመርፌውን "ጠቅ" እና ከሩቅ የብረቷን "ጭል" ነው። መሐል ላይ ምንም የለም። ያቺን "ምንም" ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ጠመንጃውን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

በ2022 ድምፅ መቀነሻውን አዘዝኩ። ፈቃዱ እስኪመጣ ስጠብቅ ሁለተኛ እጅ የሆነች፣ ያማረች፣ የዋልነት ሰደፍ ያላት ጠመንጃ አገኘሁ። አንድ እንከን ነበራት። በርሜሏ ጫፍ ላይ ጥርስ አልነበረም። ድምፅ መቀነሻ የሚታሰረው እንደ ብሎን ነው፣ ጥርስ ይፈልጋል። አንድ ሱቅ ወሰድኩት። "ይሄማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" አሉኝ። ቶርኖ ላይ አስረው ጥርሱን አወጡልኝ። ሲያዩት ያምራል። ማርሚታው ገብቶ ይጠብቃል። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ፈቃዱ መጣ። በዚያው ቅዳሜ ሄድኩ። በ50 ያርድ አምስት ተኮስኩ። ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ እንደተበተነ ባቄላ ወዲያና ወዲህ ሆኑ። ማነጣጠሪያ መነጽሩ ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። ሌላ አምስት። ያው ነው። ሁለቱ ወረቀቱንም ስተዋል። ጥይቶቹን አውጥቼ፣ ጠመንጃዋን ከፍቼ አስቀመጥኩና ማርሚታውን ፈታሁት። የፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ጠርዙ ላይ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ግማሽ ጨረቃ ታበራለች። ከጎኗ ግራጫ እርሳስ ተለቅልቋል። ጥይቶቼ ሲወጡ ግድግዳውን እየጫሩ ነበር። ዘጠኝ ወር የጠበቅኩት ዕቃ በአሥር ጥይት ተበላሸ።

በኋላ የገባኝ ይህ ነው። የበርሜል ውስጥ ቀዳዳ ሁልጊዜ ከውጪው ክብ ልክ መሐል ላይ አይሆንም። ትንሽ ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ቶርኖ ላይ ያሰረው ሰው ማየት ያለበት የውስጡን ቀዳዳ ነው። የእኔን የሠራው ሰው የውጪውን ክብ አይቶ ነው የቆረጠው። ጥርሱ ከውጪው ጋር ቀጥ ብሏል፣ ከጥይቷ መንገድ ጋር ግን ተጣሟል። በዓይን የማይታይ ጥመት ነው። ግን ማርሚታው ቁመት ስላለው ጫፉ ላይ ሲደርስ ያቺ ትንሽ ጥመት ትልቅ ትሆናለች። ከተበላሸ በኋላ አምራቹ ግድግዳውን ቀየረልኝ፣ ከኪሴ ከፍዬ።

ስለዚህ ጥርሱ ከፋብሪካ የወጣ በርሜል ግዙ። እዚህ አሜሪካ ለ22 የተለመደው ግማሽ ኢንች ውፍረት ባለ 28 ጥርስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግማሽ ኢንች ባለ 20 ጥርስም አለ። ሁለቱ አይገጣጠሙም፣ በግድ ማስገባትም አይሞከርም። ፋብሪካ የወጣውንም ቢሆን እኔ አሁን በልኩ የተሠራ ቀጥ ያለ ዘንግ በበርሜሉ አሳልፌ፣ ጫፉ በማርሚታው ቀዳዳ ልክ መሐል መውጣቱን ሳላይ አንዲት ጥይት አልተኩስም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የበርሜሉን ርዝመት በተመለከተ ረጅም ይሻላል የሚለው የአገር ቤት እምነት ለ22 አይሠራም። ባሩዷ ትንሽ ስለሆነ 16 ወይም 18 ኢንች ውስጥ ሥራዋን ጨርሳለች። ከዚያ በላይ ያለው ብረት ለጥይቷ ፍጥነት ብዙም አይጨምርላትም፣ እንደውም በሰበቃ ሊይዛት ይችላል። ማርሚታው ሲታሰር ጠመንጃው ራሱ ይረዝማል። አጭርና ወፍራም በርሜል ይሻላል። ወፍራም ያልኩት ቀጭን በርሜል ጫፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠልበት የሚመታበት ቦታ ስለሚዛነፍ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ከ16 ኢንች በታች ያለ የጠመንጃ በርሜል ሌላ ምዝገባ ያስፈልገዋል። እዚያ ውስጥ አትግቡ።

ሱቅ ሄጄ በእጄ ከያዝኳቸው መካከል ሦስቱ ልቤን ከፍለውት ነበር። ሳቬጅ ማርክ ቱ አጭር ወፍራም በርሜል ያለው ዓይነት አለው፣ ጥርሱ የወጣ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ። ምላጩ ከዋጋው በላይ ነው። መቀባበያው ግን እጄ ላይ ሻከረኝ፣ የፕላስቲክ ሰደፉም ስጨብጠው ይተጣጠፋል። ገንዘብ አጠር ላለው ሰው ያለ ሐሳብ እመክረዋለሁ። ቲካ ቲ ዋን ኤክስ ከፊንላንድ ነው የሚመጣው፣ ሪሂማኪ ከሚባል ከተማ። ፊንላንዶች ለአደን ሲወጡ ድምፅ መቀነሻ ማሰር የተለመደ ነገራቸው ነው፣ እንደ ወንጀለኛ ዕቃ አያዩትም። መቀባበያው እንደ ቅቤ ይሄዳል። ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የገዛሁት ሲ ዜድ 457ን ነው። 16.5 ኢንች ወፍራም በርሜል፣ ጥርሱ ከፋብሪካው፣ የተነባበረ እንጨት ሰደፍ። ቼክ አገር፣ ኡኸርስኪ ብሮድ ከተማ ውስጥ ከ1936 ጀምሮ ያለ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። (እግረ መንገዴን፣ አገር ቤት "ብሬን" የምንለው መሣሪያ ስሙ የመጣው ከዚያው ከቼክ ነው። ብርኖ ከሚባለው ከተማና ኤንፊልድ ከሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ስም ተቀጣጥሎ ነው ብሬን የተባለው። ቃላችን ሰፊ አገር ዞሮ ነው የመጣ።) ያስመረጡኝ ነገሮች ትንንሽ ናቸው። መቀባበያውን 60 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ላይ የማነሳው፣ ስለዚህ ጣቴ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። ምላጩን በትንሽ መፍቻ አላልቼዋለሁ፣ አሁን አንድ ኪሎ ገደማ ስስበው ይለቃል፣ ያለ ምንም መንሸራተት። ነገ በርሜሉ ቢያረጅ ብሎኖቹን ፈትቼ ራሴ እቀይረዋለሁ። ሁሉም ተደምሮ ስድስት መቶ ዶላር አካባቢ ከፈልኩ። ገንዘብ ቢተርፈኝ አንሹትዝ እገዛ ነበር። ከ1856 ጀምሮ የጀርመን ሥራ ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ 50 ሜትር የሚተኩሱት ሰዎች እጅ ላይ ለዘመናት የታየ። ግን ለቅዳሜ ጠዋቴ 457 ይበቃል።

መነጽር ሲመረጥ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ ነው የተስተካከለው። በ50 ያርድ ዓይናችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ የመነጽሩ ማነጣጠሪያ መስቀልም ዒላማው ላይ አብሮ ይንሸራተታል። ለ22 የተስተካከለ ወይም በእጅ የሚስተካከል ግዙ።

ጥይቱ ግን ከጠመንጃው እኩል ሐሳብ ይፈልጋል። እንደውም ይበልጣል።

ማርሚታው የሚያጠፋው የጋዙን ድምፅ ነው። ጥይቷ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ከበረረች ግን አየሩን ራሷ ትሰነጥቃለች። እንደ ጅራፍ። ጅራፍ የሚጮኸውም ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው፣ የቡሄ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል ምክንያቱን ባያውቅም። ለዚያ ጩኸት ማርሚታ መፍትሔ የለውም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። ፈጣን የሚባሉት የ22 ጥይቶች 370 እና ከዚያ በላይ ናቸው። "ስታንዳርድ ቬሎሲቲ" የሚል የተጻፈባቸው ግን 326 አካባቢ ናቸው፣ ከድምፅ በታች። ለማርሚታ የሚገዛው እሱ ነው።

በመጀመሪያው ክረምቴ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ጥር ወር፣ ከዜሮ በታች የሆነ ጠዋት፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ። ያው በበጋ ፀጥ ያለው ጥይት፣ ያው ሳጥን። ስምንቱ ዝም፣ ዘጠነኛው "ጧ!"። ሦስት ዝም፣ አንድ "ጧ!"። ማርሚታው እንደገና ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ፈትቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ነገሩ ብርዱ ነበር። አየር ሲቀዘቅዝ የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል፣ በዜሮ ዲግሪ 331 ይሆናል። ከአንድ ሳጥን የወጡ ጥይቶች ሁሉ እኩል አይፈጥኑም። ፈጠን ያሉት ወሰኑን ያልፋሉ፣ ዘገም ያሉት ከሥሩ ይቀራሉ። ጠመንጃው፣ ማርሚታው፣ ጥይቱ አልተለወጡም። የተለወጠው አየሩ ነው። አሁን በብርድ ወቅት ይበልጥ ዘገም ያለ ጥይት እይዛለሁ።

ዘገምተኛ ጥይት ዋጋ ያስከፍላል። 50 ያርድ ላይ ልኩን የመታ ጠመንጃ 100 ያርድ ላይ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ንፋስም ይወስደዋል። ግን የሚገርመው፣ ፈጣኑ የ22 ጥይት በንፋስ የሚገፋው ከዘገምተኛው ይበልጣል። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ተነስቶ ያንን ወሰን ሲሻገር ፍጥነቱን በብዛት ስለሚያጣ ነው። በትክክል መምታት ለሚፈልግ ሰው ዘገምተኛው በድምፅም በንፋስም ይሻላል።

የትኛውን ስም? ጠመንጃዋን ጠይቋት። እኔ የስድስት ፋብሪካ ጥይት አንዳንድ ሳጥን ገዛሁ፣ ሲ ሲ አይ፣ ኤስ ካ፣ ኢሊ፣ ላፑዋ እያልኩ። ሰም የተቀባ እርሳስ ስለሆነ በርሜሉ ወደ አዲሱ ሰም እስኪለምድ ድረስ ከእያንዳንዱ አሥር ያህል እንዲሁ ተኮስኩ። ከዚያ አምስት አምስት እያልኩ አምስት ወረቀት። የእኔዋ የመረጠችው ኤስ ካን ነው። አምስቱ ጥይቶች አንድ ዳይም ሳንቲም ሥር ይሸፈናሉ። ውዱ ጥይት ሁለተኛ ወጣ። የጓደኛዬ 457፣ ያው ሞዴል፣ ኤስ ካን አልወደደችውም፣ በሲ ሲ አይ ነው የምትመታው።

ፀጥታው ያሳየኝ ሌላ ነገር አለ። እኔ ምላጭ ስስብ እንደምደነግጥ አላውቅም ነበር። ፍንዳታው ሲኖር መደንገጤ በፍንዳታው ውስጥ ይደበቃል። ጓደኛዬ ካዝናው ውስጥ ሳያሳየኝ አንድ ባዶ ማለማመጃ ጥይት ቀላቀለብኝ። ባዶዋ ላይ ስደርስ "ጠቅ" አለ፣ እና አፈሙዙ ወደ ታች ጎንበስ አለ። ማንም አልገፋውም፣ እኔው ነኝ። ሰውነቴ ያልመጣ ፍንዳታ እየጠበቀ ነበር። አንገቴ፣ ትከሻዬ፣ ግራ እጄ፣ ሁሉም። ያቺን ነገር ለማስወገድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ዘገምተኛ ጥይት በርሜል ውስጥ የምትቆየው ጊዜ ረዘም ይላል። ምላጩ ከተሳበ በኋላም ዝም ብሎ ማየት፣ መስቀሉን አለመልቀቅ ያስፈልጋል። ጥይቷ ሄዳ ብረቷን መትታ ድምፁ ወደ እኔ እስኪመለስ መቶ ያርድ ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ያንን ግማሽ ሰከንድ ሳልነቃነቅ መጠበቅ ነው ያስተማረኝ።

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ ልጻፍ፣ ግን ይህን አንቀጽ አትዝለሉት። ድምፅ መቀነሻ አሜሪካ ውስጥ ከ1934 ጀምሮ በፌደራል መንግሥት የሚመዘገብ ዕቃ ነው። አሻራ፣ ፎቶ፣ ፎርም፣ ፈቃድ። እኔ ስገዛ 200 ዶላር ቀረጥ ነበረው፣ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ቀረጡ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። በስምህ የተመዘገበውን ዕቃ አንተ በሌለህበት ሌላ ሰው ሊይዘው አይችልም፣ ሚስትም ብትሆን። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይፈቅዳሉ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ግን ፈጽሞ አይፈቅድም። የእኛ ሰው ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሄድ ዲሲን አቋርጦ ማለፍ ልማዱ ነው። ማርሚታው መኪና ውስጥ ካለ ያ መንገድ የለም። ሌላም ነገር አለ። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድ በጥቅሉ ሲታይ ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን "አንዴ ተኩሰህ ሞክራት" ብሎ ማቀበል እንግዳውንም ባለቤቱንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ጽዳቱን የሚረሳ ብዙ ነው። እርሳሱና ሰሙ ማርሚታው ውስጥ እየተጋገረ ይሄዳል። ስለዚህ ለ22 የሚገዛው ሊፈታ የሚችል ዓይነት መሆን አለበት። እኔ በየአምስት መቶ ጥይቱ እፈታዋለሁ። ግድግዳዎቹ ላይ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ግራጫ ነገር ይገኛል። እርሳስ ነው፣ መርዝ ነው። ጓንት፣ ውጪ በረንዳ ላይ፣ ከልጆች ራቅ ብሎ። ኮምጣጤና ፐርኦክሳይድ ቀላቅሎ መንከር እርሳሱን ያሟሟዋል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ያሟሟዋል፣ ግን ውሃው ውስጥ የሚቀረው በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው። አታድርጉት።

ባለፈው መስከረም አባባ መጡ፣ ለሦስት ወር። በሁለተኛው ቅዳሜ "ያንን ማርሚታ አሳየኝ" አሉ። በአይ 66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወሰድኳቸው። ጠመንጃዋን እንደማያነሱ ቀድሜ ነገርኳቸው፣ የአገሩ ሕግ ነው ብዬ። "እኔ መቼ ልተኩስ አልኩህ፣ ልይ ነው እንጂ" አሉ። ከኋላዬ ወንበር አወጣሁላቸው፣ ሁለቱንም ጆሯቸውን ትልቁን መከላከያ አለበስኳቸው፣ የማይሰማውንም። ሦስት እግር ላይ የቆመውን አጉልቶ ማያ ብረቷ ላይ አስተካከልኩላቸው። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አጎነበሱበት።

ተኛሁ። አንዷን አቀባበልኩ። መስቀሉን ብረቷ ላይ አሳረፍኩ፣ ትንፋሼን ለቀቅኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። "ጠቅ"። ሳልነቃነቅ ጠበቅኩ። ከሩቅ "ጭል" አለች።

ከኋላዬ አባባ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ዓይናቸውን ከማያው አላነሱም።

"ብረቷ ትወዛወዛለች" አሉ። "መቼ ተኮስክ?"